«ያቺ ክፉ ልጅ ማን ናት?»፦ ስለ ሃሩኮ ሱጊሙራ ለጻፋችሁልን

ባለፈው እትም ስለ ድሮ የጃፓን ፊልሞች ትንሽ ብዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ጎረፈ። ስለ ዘመኑ ኮከብ ተዋናይት ስለ ሴትሱኮ ሃራ ውበት ትጠይቁኛላችሁ ብዬ ስጠብቅ፣ እናንተ ዓይናችሁን የጣላችሁት ከሷ አጠገብ በምትቀመጠው ሴት ላይ ነው። አንዳንዶቻችሁ ስሟን እንኳ አታውቁትም። «ያቺ ፀጉር ሠሪዋ»፣ «ያቺ ወሬኛ ጎረቤት»፣ «ያቺ ነገር የምታበዛ አክስት» ብላችሁ ነው የጻፋችሁት። ሁሉም አንድ ሰው ናት። ሃሩኮ ሱጊሙራ ትባላለች። ስለሷ ቀኑን ሙሉ ባወራ አይሰለቸኝም፣ ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለሷ ሰጥቻታለሁ።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የፊልሞቹን ርዕስ በእንግሊዝኛ አጠራራቸው የጻፍኩት ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ በቀላሉ እንድታገኟቸው ነው።

ጥያቄ፦ «ከእናቴ ጋር 'ቶኪዮ ስቶሪ'ን አየን። ሽማግሌ ወላጆች ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከሩቅ ከተማ ቶኪዮ ይመጣሉ፤ ልጆቹ ግን ጊዜ የላቸውም። ትልቋ ሴት ልጅ ከሁሉም ትብሳለች። እናቴ ፊልሙ እስኪያልቅ 'ምን ዓይነት ልብ ነው ያላት?' ስትል ነበር። ያቺ ክፉ ልጅ ማን ናት? እንዲህ ማናደድ የቻለችውስ እንዴት ነው?» (ከአዳማ)

መልስ፦ እናትሽን ሰላም በይልኝ። ፊልሙን እንደሚገባው ነው ያዩት።

ፊልሙ የ1953 ነው፤ ዳይሬክተሩ ያሱጂሮ ኦዙ። ገጸ ባሕርይዋ ሺጌ ትባላለች። ቤቷ ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤት ከፍታ ከባሏ ጋር ትኖራለች። ባልየው ለአማቶቹ ብሎ ጥሩ ኬክ ገዝቶ ሲመጣ፣ ይሄ ውድ ነው፣ ብስኩት ይበቃቸው ነበር ብላ ትቆጣዋለች። ከወንድሟ ጋር ገንዘብ አዋጥታ ወላጆቿን አታሚ ወደሚባል የፍል ውሃ መዝናኛ ትልካቸዋለች፤ ውድ ስጦታ ይመስላል፣ ግን ከቤት ዞር እንዲሉላት ነው። ሽማግሌዎቹ የሌሊቱ ጫጫታ እንቅልፍ ነስቷቸው ቶሎ ሲመለሱ ሺጌ ደንበኞች አሉባት። አንዷ ደንበኛ እነማን ናቸው ብላ ትጠይቃታለች። ከገጠር የመጡ የማውቃቸው ሰዎች ናቸው ብላ ትመልሳለች። አባትና እናቷን እኮ ነው!

እናትሽ የተናደዱት እዚህ ጋ ይመስለኛል። እዚህ ጋ የማይናደድ ሰው የለም።

ግን እስቲ ቀጥሎ ያለውን አንድ ላይ እዩት። እናትየው መታመሟ በቴሌግራም ሲሰማ ሺጌ ወንድሟን የሐዘን ልብስ እንያዝ ወይ ብላ ትጠይቀዋለች። እናቷ ገና አልሞተችም። ለጉዞው ስትዘጋጅ ይሄንንም አስባለች፣ ያው እንደ ማንኛውም ዕቃ። ከዚያ ሐኪም የሆነው ወንድሟ እናታችን እስከ ነገ ጠዋት ላትቆይ ትችላለች ሲላት ምን ትሆናለች? ታለቅሳለች። የማስመሰል አይደለም። ድንገት ከውስጥ ፈንቅሎ የሚወጣ ለቅሶ ነው። ከቀብሩ በኋላ ደግሞ ምግብ እየበሉ፣ ያ የእናታችን ግራጫ የበጋ መቀነት አለ አይደል፣ ለማስታወሻ እኔ ልውሰደው ትላለች፤ አንድ ኪሞኖም፣ ያ የጃፓን ባህላዊ ረጅም ልብስ፣ ትጨምርበታለች። ለቅሶውም እውነት ነው፣ መቀነቱን መፈለጓም እውነት ነው። ሱጊሙራ ሁለቱን አንዱ ሌላውን ሳይሽረው ትጫወታቸዋለች። ሌላ ተዋናይት ብትሆን ወይ ለቅሶውን ውሸት ታስመስለው ነበር፣ ወይ መቀነቱን ስትጠይቅ ትንሽ ታፍር ነበር። ሱጊሙራ አታፍርም። ሺጌ ክፉ ነኝ ብላ አታስብማ። ሱቅ አላት፣ ደንበኛ አላት፣ ቤቷ ጠባብ ነው፣ ቀኑ ያጥርባታል። እናናደዳለን ያልኩት ለዚህ ነው፤ ሺጌን የሚመስል ሰው ሁላችንም ቤት አለ።

ፊልሙ ራሱ ለሺጌ ይከራከርላታል። ትንሿ እህት መቀነቱን ስለጠየቀች አዝናባታለች። ሴትሱኮ ሃራ የምትጫወታት ምራት ኖሪኮ ግን፣ በዚያ ዕድሜ ያለች ሴት የራሷ ኑሮ አላት፣ ልጆች ከወላጅ እየራቁ መሄዳቸው አይቀርም ብላ ታስረዳታለች። ይሄንን ለእናትሽ አንብቢላቸው፤ ይስማሙ አይስማሙ ጻፊልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። አባትየውን የተጫወተው ቺሹ ርዩ ያን ጊዜ ዕድሜው 49 ነበር። ሱጊሙራም አርባዎቹን አጋምሳ ነበር። የሰባ ዓመት አባትና ልጅ የመሰሉን በትወና ነው። ደግሞ ወላጆቹ የሚኖሩባት ኦኖሚቺ በሂሮሺማ ክፍለ ሀገር ናት፤ ሱጊሙራ የተወለደችውም ሂሮሺማ ከተማ ነው። ከዚያ አካባቢ ወጥቶ ቶኪዮ ገብቶ የቶኪዮ ሰው መሆን ምን እንደሚመስል ከራሷ ሕይወት ታውቀዋለች።

ጥያቄ፦ «ትያትር ተምሬያለሁ። እስካሁን የሚሰጠኝ የአክስት፣ የጎረቤት፣ የሠራተኛ ቦታ ነው። ፖስተር ላይ ፊቴ ወጥቶ አያውቅም። ሱጊሙራ ዕድሜዋን በሙሉ በዚህ ረክታ ኖረች? ወይስ ሌላ አማራጭ አጥታ ነው?» (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ልቤን ነክቶታል፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ሱጊሙራ መጀመሪያ የፈለገችው ዘፋኝ መሆን ነበር። ቶኪዮ ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ጣላት። ወደ ሂሮሺማ ተመልሳ ሙዚቃ አስተማረች። ከዚያ በ1927 ማስተማሩን ትታ ቶኪዮ ሄደችና ጹኪጂ ትንሹ ቴአትር የሚባለው ቡድን ጋ ገባች። ያኔ ዘመናዊ ቴአትር በጃፓን ገና አዲስ ነገር ነው፤ ቡድኑም የቼኮቭንና የኢብሰንን ሥራዎች የሚያሳይ ነበር። ችግሯ አነጋገሯ ነበር። የሂሮሺማ ቅላጼዋ መድረክ ላይ አላስኬዳትም። ሠርታ ሠርታ አሻሻለችው። በ1937 ቡንጋኩዛ የሚባለው የቴአትር ቡድን ሲመሠረት ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዷ ሆነች። በ1997 እስክትሞት እዚያው ነበረች። ስልሳ ዓመት፣ አንድ ቡድን።

መድረኩ ላይ እሷ ረዳት አልነበረችም። የቡድኑ ዋና ሴት ነበረች። ካኦሩ ሞሪሞቶ የሚባል ጸሐፌ ተውኔት «የአንዲት ሴት ሕይወት» የሚል ሥራ ጽፎላት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ሚያዝያ 1945 ቶኪዮ ውስጥ ነው። ከተማዋ ከአየር በቦምብ እየነደደች በነበረበት ወር ማለት ነው። ጸሐፊው በዓመቱ ሞተ። እሷ ያቺን ሴት፣ ከልጃገረድነት እስከ እርጅና፣ ከ900 ጊዜ በላይ ተጫወተቻት። የአሜሪካዊው የቴነሲ ዊልያምስ ተውኔት ዋና ሴት የሆነችውን ብላንሽ ዱቧንም ከ1953 ጀምሮ በጃፓንኛ ተጫውታታለች። ታዋቂው ደራሲ ዩኪዮ ሚሺማም ለሷ ጽፏል።

እንግዲህ ፊልም ላይ ትንሽ ቦታ ስትይዝ ይዛው የምትመጣው ይሄንን ሁሉ ነው። አማራጭ ያጣች ሴት አልነበረችም።

ግን እውነተኛው መልስ ያለው ሥራዋ ውስጥ ስለሆነ ሦስት ቦታ ላሳይሽ። ብትችይ ቁጭ ብለሽ፣ እያቆምሽ፣ እየመለስሽ እያቸው።

አንደኛው «ሌት ስፕሪንግ» ነው፣ 1949። ሚስቱ የሞተችበት ፕሮፌሰር ከልጁ ጋር ይኖራል። ሱጊሙራ የፕሮፌሰሩ እህት ማሳ ናት፤ ልጅቷን ለመዳር የምትሯሯጠው አክስት። ካማኩራ ውስጥ አንድ ትልቅ ቤተ መቅደስ ግቢ ከወንድሟ ጋር ስትሄድ መሬት ላይ የወደቀ የገንዘብ ቦርሳ ታያለች። አንስታ ኪሞኖዋ ውስጥ ሸጎጥ! ጥሩ ምልክት ነው፣ ጋብቻው ይሳካል ትላለች። ወንድሟ ለፖሊስ አስረክቢ ይላታል። ወዲያው አንድ ፖሊስ በዚያ ያልፋል። ማሳ ደረጃውን ቶሎ ቶሎ መውጣት ትጀምራለች። ይኼው ነው፣ ደቂቃ የሚሞላ አይመስለኝም። ግን ሴትዮዋን ከነሙሉ አመሏ አወቅናት፦ በአምላክ ታምናለች፣ ገንዘብ ትወዳለች፣ ፖሊስ ትፈራለች፣ የወንድሟን ልጅ ከልቧ ትወዳለች።

ከዚያ የሠርጉ ቀን ይመጣል። ሙሽራዋ ለብሳ ወርዳለች። ማሳ ልትወጣ ስትል ወደ ክፍሉ ትመለሳለች፣ ሻንጣውን ከመያዟ በፊትም ክፍሉን አንዴ ትዞረዋለች። ቃል አትናገርም። የረሳነው ነገር ይኖር ይሆን እንደሚል ሰው ዞር ዞር ብላ ትወጣለች። ያቺ ልጅ ከዚህ ቤት መውጣቷ የገባኝ እኔ እዚህ ጋ ነው፤ ከሙሽራዋ ዕንባ በላይ ይቺ ዙረት አስተከዘችኝ። ልብ በይ፣ ታሪኩ የሌላ ሰው ነው፤ ቤቱም የሌላ ሰው ነው። ስሜቱን ተሸክማ የወጣችው ግን አክስትየዋ ናት።

ሁለተኛው «ኧርሊ ሰመር»፣ 1951። እዚህ ጎረቤት ናት፣ ታሚ። ልጇ ሚስቱ የሞተችበት ሐኪም ነው፤ ለሥራ ወደ ሩቅ ሰሜን፣ ወደ አኪታ ሊሄድ ነው። ሴትሱኮ ሃራ ልትሰናበታቸው ትመጣለች። ታሚ እየፈራች፣ እንዳትቆጪኝ፣ በልቤ ብቻ ያሰብኩት ነገር ነው፣ አንቺን የመሰለች ሴት ልጄን ብታገባልኝ ብዬ እመኝ ነበር ትላታለች። ከአፏ ከወጣ በኋላ ልትመልሰው ትፈልጋለች። ልጅቷ ግን እሺ ትላለች። በቃ፣ እሺ። ታሚ ማመን ያቅታታል፤ እውነትሽን ነው፣ እውነትሽን ነው ትላለች። ደስታው ከአቅሟ በላይ ሆኖ የምትለው ሲጠፋት ምን ትላታለች? አንፓን ትበያለሽ? አንፓን በጣፋጭ ቀይ ባቄላ የተሞላ ተራ ዳቦ ነው። የልጇ ሕይወት በአንድ ደቂቃ ተለውጦ ዳቦ ትጋብዛለች። እናቶቻችን የሚያደርጉት እኮ ይሄንኑ ነው፤ ትልቅ ነገር ሲመጣ ይብላ ይጠጣ ይላሉ። ቃሉን የጻፉት ኦዙና አብሮት የሚጽፈው ኮጎ ኖዳ ናቸው። ግን ከዚያ ሁሉ ለቅሶና ሳቅ መሃል ያንን ዳቦ ሳያስቅ፣ ሳያሳፍር፣ እንደ እውነት ማቅረብ የሷ ነው።

ሦስተኛው «አን ኦተም አፍተርኑን»፣ 1962፣ የኦዙ የመጨረሻ ፊልም። አንድ ሽማግሌ አስተማሪ ሰክሮ የድሮ ተማሪዎቹ ደግፈው ቤቱ ያደርሱታል። ቤቱ ትንሽ የኑድል ምግብ ቤት ነው። በር የምትከፍተው ያላገባች ልጁ ናት፤ አባቷን ስታስታምም ዕድሜዋ ያለፈ። ፊቷ አይፈታም። እንግዶቹን ትሸኛለች። ከሄዱ በኋላ አባቷ ሰክሮ እንደተቀመጠ እሷ ፊቷን ሸፍና ታለቅሳለች። ያቺ ሴት ፊልሙ ውስጥ የምትታየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። የፊልሙ ዋና ሰው ግን ልጁን ለመዳር የሚወስነው ይቺን ሴት ካየ በኋላ ነው። ታሪኩ በሙሉ የዞረው በሷ ነው ማለት ነው። ደግሞ አባቷን የተጫወተው ኤይጂሮ ቶኖ በዕድሜ እኩያዋ ነበር!

ረዳት ሲባል የዋናዋን ተዋናይት ሥራ ማገዝ አድርገን እናስባለን። ሱጊሙራ የምትሠራው ሌላ ነው። ሃራ ቆንጆና ጨዋ ሆና ስትቀመጥ እውነተኛውን ቤት፣ ሒሳቡን፣ ጉንጭ አልፋውን፣ ስስቱን፣ ፍቅሩን ይዛ የምትገባው እሷ ናት። አንቺም የሚቀጥለው የአክስት ቦታ ሲሰጥሽ አክስትየዋ ምን እንደምትወድ፣ ምን እንደምትፈራ፣ ኪሷ ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቂ። ዳይሬክተሩ ባያስብበት አንቺ አስቢበት።

ጥያቄ፦ «የዚያን ዘመን ኮከቦች ለአንድ ስቱዲዮ የታሰሩ ነበሩ ሲባል ሰምቻለሁ። ሱጊሙራ ግን በሁሉም ስቱዲዮ ፊልም ውስጥ አለች። እንዴት ሆነ? መሪ ሆና የተጫወተችበት ፊልምስ አለ?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ልክ ሰምተሃል። በመስከረም 1953 አምስቱ ትልልቅ ኩባንያዎች፣ ሾቺኩ፣ ቶሆ፣ ዳይኤይ፣ ሺንቶሆና ቶኤይ፣ አንዱ የሌላውን ተዋናይና ዳይሬክተር ላይወስድ ተዋዋሉ። ኒካትሱ የሚባለው ኩባንያ ፊልም መሥራት እንደገና ሊጀምር ስለነበረ ሰዎቻችንን ይወስድብናል ብለው ሰግተው ነው። ኮከብ የሆነ ሰው በኩባንያው ፈቃድ ካልሆነ ወዲያ ወዲህ አይልም።

ሱጊሙራ ግን የቴአትር ቡድን ሰው ናት፤ ስቱዲዮ ባለቤቷ አይደለም። ስለዚህ ለኦዙ በሾቺኩ «ቶኪዮ ስቶሪ»ን ሠራች፣ ኦዙ ለዳይኤይ «ፍሎቲንግ ዊድስ»ን ሲሠራ (1959) እዚያም አለች፣ ለአኪራ ኩሮሳዋና ለሚኪዮ ናሩሴ ደግሞ በቶሆ። በዚያ ዘመን ከዘመናዊ ቴአትር የመጡ ብዙ ተዋንያን እንዲህ ነበሩ። ቴአትሩ ብዙ ገንዘብ አያስገኝም፤ ከፊልምና ከሬዲዮ የሚያገኙት ነው ቡድኖቹን ያቆማቸው። ኮከቧ የማትችለውን ረዳቷ ትችላለች፤ የዘመኑን ታላላቅ ዳይሬክተሮች አንድ በአንድ አዳርሳለች።

በሷ ምርጫ ውስጥ የምወደው ደግሞ አንዷ ሴት ሌላዋን አለመምሰሏ ነው። «ፍሎቲንግ ዊድስ» ውስጥ የተዘዋዋሪ ተዋናይ የድሮ ፍቅረኛ ናት፤ ልጁን ለብቻዋ አሳድጋለች፣ ልጁ አባቱን አጎቴ እያለ ይጠራዋል። ዝም ያለች፣ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ የምትቀዳ፣ የምትጠብቅ ሴት። የሺጌ ችኮላ የለም። ያቺው ሰው መሆኗን ለማመን ያስቸግራል። የኩሮሳዋ «ኖ ሪግሬትስ ፎር አወር ዩዝ» (1946) ውስጥ ደግሞ ልጇ ሰላይ ተብሎ የሞተባት ገበሬ እናት ናት፤ ከሴትሱኮ ሃራ ጋር ጭቃ ውስጥ ሩዝ ሲተክሉ ታገኛታለህ። «ሬድ ቢርድ» (1965) ውስጥ የሴተኛ አዳሪ ቤት ባለቤት ሆና የታመመችውን ልጅ ልትወስድ ስትመጣ የክሊኒኩ ወጥ ቤት ሴቶች ራዲሽ በሚባል ትልልቅ ነጭ የሥር አትክልት ደብድበው ያባርሯታል። ራዲሹ እየተሰበረ!

መሪ ሆና? አዎ። የናሩሴን «ሌት ክሪሳንተመምስ» (1954) ፈልግ። ኪን የምትባል የቀድሞ ጌሻ (በዘፈን፣ በጭፈራና በጨዋታ እንግዳ የምታስተናግድ ሴት) ናት፤ አሁን ገንዘብ አበዳሪ ሆናለች፣ የድሮ ጓደኞቿን ሳይቀር ዕዳ እየጠየቀች ትዞራለች። የጥንት ፍቅረኛዋ ሊመጣ ነው ሲባል ትሽቀረቀራለች። ሰውየው ይመጣል፣ ይጠጣል፣ ቀስ በቀስ የመጣው ገንዘብ ሊበደር መሆኑ ይገለጣል። የኪን ፊት ላይ ያለው ሙቀት እንዴት እየጠፋ እንደሚሄድ እይ። ጠብ የለም፣ ጩኸት የለም። ስታስቀምጠው የኖረችውን ፎቶውን ታቃጥለዋለች። እኔን ብትጠይቀኝ ከሺጌም ከማሳም በላይ የሠራችው ሥራ ይሄ ነው። ርኅራኄ አትለምንም፤ ግን ትሰጣታለህ።

በመጨረሻም ሰማንያዎቹን አጋምሳ በ1995 «ኤ ላስት ኖት» በሚለው የካኔቶ ሺንዶ ፊልም መሪ ሆናለች። የተጫወተችው በዕድሜ የገፋች የቴአትር ተዋናይትን ነው። አብራት የተጫወተችው የዳይሬክተሩ ሚስት ኖቡኮ ኦቶዋ በጠና ታማ ነበር የሠራችው፤ ፊልሙ ለሕዝብ ሳይታይ በ1994 መጨረሻ አረፈች። ይሄን እያወቁ ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን ማየት ከባድ ነው። እዩት ግን።

ጥያቄ፦ «ከመንግሥት የተሰጣትን ትልቅ ሽልማት አልቀበልም ብላለች የሚባለው እውነት ነው?» (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ እውነት ነው። በ1995 የጃፓን መንግሥት ለባህል ሰዎች የሚሰጠው ትልቁ ኒሻን፣ የባህል ኒሻን፣ ሊሰጣት ሲል አልቀበልም አለች። በሰፊው የተነገረው ምክንያቷ፣ እስከ መጨረሻው በሥራ ላይ ያለች ተዋናይት ሆና መቀጠል መፈለጓ ነው። በዋዜማው ዓመት ደራሲው ኬንዛቡሮ ኦኤም ያንኑ ኒሻን አልወስድም ብሎ ነበር፤ የሱ ምክንያት ግን ሌላ ነው። ሱጊሙራ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ገደማ ኖራ ሚያዝያ 4 ቀን 1997 በካንሰር ሞተች።

ጥያቄ፦ «ሌሎች ተዋንያን ስለሷ ምን ይሉ ነበር?» (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አንድ ምስክር ይበቃኛል። ሂዴኮ ታካሚኔ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ፊልም ላይ ያደገች ኮከብ ናት። በ1940 ስለ ሥጋ ደዌ ሕሙማን የተሠራ «ስፕሪንግ ኦን ሌፐርስ አይላንድ» የሚባል ፊልም ወጣ፤ ሱጊሙራ እዚያ ውስጥ ትንሽ ቦታ ነበራት። ታካሚኔ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሆና ያንን አይታ ደነገጠች። ትወና እንዲህም ይሆናል ወይ ብላ ሥራዋን ከምር መያዝ የጀመረችው ከዚያ በኋላ መሆኑን ራሷ ጽፋለች። በ1956 «ፍሎዊንግ» በሚለው የናሩሴ ፊልም ሁለቱ አንድ የጌሻ ቤት ውስጥ አብረው ሠርተዋል፤ ታካሚኔ የባለቤትየዋ ልጅ፣ ሱጊሙራ ዕድሜዋ የገፋ ጌሻ ሆና። የዚያ ዘመን ታላላቅ ሴት ተዋንያንን አንድ ጣሪያ ሥር የሚያሳይ ፊልም ስለሆነ እንዳያመልጣችሁ።

ጥያቄ፦ «አባቴ ቀስ ያለ ፊልም አይወድም፣ ወዲያው ይተኛል። ሱጊሙራን ላሳየው ብል በየትኛው ልጀምር?» (ከሐዋሳ)

መልስ፦ በ«ጉድ ሞርኒንግ» ጀምሪ። 1959፣ ባለ ቀለም፣ ቀልደኛ። አባትሽ አይተኙም።

ታሪኩ ቤቶቹ ተጠጋግተው የተሠሩበት አንድ ሰፈር ነው። ሁለት ወንድማማች ልጆች ቴሌቪዥን ካልተገዛልን አንናገርም ብለው ያድማሉ። ሱጊሙራ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሃራጉቺ ናት። መጀመሪያ ላይ የሴቶች ማኅበር ወርኃዊ መዋጮ ጠፍቷል። ገንዘቡ ለሷ ተሰጥቷል ይባላል። እሷ ደግሞ አዲስ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዝታለች። ሰፈሩ ሁለቱን ነገር ገጣጥሞ ጨርሷል! እሷ ተቆጥታ ስሜን አጠፋችሁ ብላ ትነሳለች። በኋላ ስትደርስበት ገንዘቡን የተቀበሉት አሮጊት እናቷ ናቸው፤ ተቀብለው ረስተውታል። አሁን ያቺው የጮኸች ሴት ሄዳ ይቅርታ መጠየቅ አለባት። ስትጮህ የነበራት ድምፅና ይቅርታ ስትጠይቅ ያላት ድምፅ፣ ሁለቱን አስተያዪ።

ይሄ እንደ አለፈ ልጆቹ አድማቸውን ይጀምራሉ። ጠዋት መንገድ ላይ ሰላም ስትላቸው አይመልሱም። ልጆች ናቸው ብላ አትተወውም። እናትየው ስለ መዋጮው ቂም ይዛ ልጆቿን አታናግሯት ብላቸዋለች ብላ ደመደመች። ወሬው ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ይሄዳል፣ እሷም አብራው ትሄዳለች። አባትሽ የራሳቸውን ሰፈር ሰዎች በስም እየጠሩ እንደሚስቁ አልጠራጠርም። ከወደዱት በሚቀጥለው ቅዳሜ «ኧርሊ ሰመር»ን አስከትይ፤ ያኔ እርጋታውን ይለምዱታል፣ ዳቦው ጋ ሲደርሱም ነቅተው ይጠብቃሉ።